ዝምተኛውን ጉበት ያናገሩት፦ የዶፕለርና የጉበት ጠባሳ ትረካ

እስኪ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ ስለ ጉበትና ጉበትን ስለሚያደምጥ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ዶፕለር አልትራሳውንድ ይባላል። ቆዳ ሳይቀደድ፣ መርፌ ሳይገባ፣ ደም በጉበት ደጃፍ ወደየት እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይነግረናል። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉና ከሥሩ እጀምራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ታሪኩ ከፓሪስ ተነሥቶ ፕራግን፣ ኦሳካንና ቦሎኛን አዳርሶ ነው ወደ እኛ የሚመጣው።

ፓሪስ፣ 1816። ሬኔ ላኤኔክ የተባለ ሐኪም ፊት አንዲት የልብ ሕመምተኛ ወጣት ቀርባለች። በዚያ ዘመን ሐኪም ልብን ሊያዳምጥ ሲፈልግ ጆሮውን ደረት ላይ ይለጥፍ ነበር። ላኤኔክ ይህን ማድረግ ነውር ሆነበት። ወረቀት አነሣ፣ ጠቀለለው፣ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። የልቧ ምት ከዚያ በፊት ሰምቶት በማያውቀው ጥራት ተሰማው። ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ የተወለደው በዚያች ቅጽበት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1819፣ ላኤኔክ ስለ ማዳመጫው ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው መጽሐፍ በአንድ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ስለ አንድ ሟች ጉበት ጻፈ። ጉበቱ ተኮማትሯል፤ ገጽታው ጎርበጥባጣ ነው፤ ሲቆርጡት ቢጫ ቡናማ እብጠቶች ሞልተውታል። ለዚህ በሽታ ሲሮሲስ የሚለውን ስም የሰጠው እርሱ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሕያው ገላን በጆሮ የመመርመር ጥበብና የጉበት ጠባሳ ስም ከአንድ መጽሐፍ ወጡ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሁለቱ አልተገናኙም። ላኤኔክ ልብና ሳንባን የሰማው ሰው በሕይወት ሳለ ነው፤ ያንን ጉበት ያየው ግን ሰውዬው ካረፈ በኋላ ነው። ጉበት አይመታም፣ አይተነፍስም፣ ድምፅ የለውም። ታዲያ ሰው በሕይወት እያለ ጉበቱ መጠንከሩን በምን እንወቅ? ለዚህ ጥያቄ በድምፅ መልስ እስኪመጣ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ አለፈ።

መልሱን ለመረዳት መጀመሪያ የደሙን መንገድ ማወቅ ያሻል። ጉበት ደም የሚገባለት በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ከልብ የሚመጣው ደም ቅዳ ነው፤ ኦክስጅን የጠገበ ደም ያመጣል። ሁለተኛው ሐኪሞች ፖርታል ቬይን የሚሉት ትልቅ ደም መልስ ነው። ይህኛው ከአንጀት፣ ከጨጓራ፣ ከቆሽትና ከጣፊያ የተሰበሰበውን ደም ይዞ ይመጣል፤ ከበላነውና ከጠጣነው አብዛኛው ተፈጭቶና ተመጥጦ ወደ ጉበት የሚገባው በእርሱ ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ጉበት ውስጥ በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ያልፋል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው የሚመጣው በፖርታል በኩል ነው። ደሙ በጉበት ውስጥ ባሉ እጅግ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሾልኮ፣ ተጣርቶ፣ በሦስት ደም መልሶች ወጥቶ ወደ ልብ ይመለሳል።

ጤነኛ ጉበት ለስላሳ ነው፤ ደሙን ያለ ትግል ያሳልፈዋል። ነገር ግን ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ለዓመታት ሲያቃጥለው፣ ወይም አልኮል ሲጎዳው፣ ወይም ከስኳር በሽታና ከውፍረት ጋር የሚመጣ ስብ ሲከማችበት ሕዋሳቱ ይሞታሉ። በሞቱት ቦታ ጠባሳ ይተከላል። በጠባሳው መካከል የተረፉት ሕዋሳት ተጨብጠው ያብጣሉ። ያኔ ቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ይጠባሉ። ቦይ ሲደፈን ውኃው ወደ ጎን ገንፍሎ ሌላ ማሳ እንደሚገባ ሁሉ ደሙም አቅጣጫ ይቀይራል፤ ወደ ምግብ ቧንቧ፣ ወደ ጨጓራ፣ ወደ እምብርት፣ ወደ ግራ ኩላሊት ሥሮች ይሄዳል። በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያሉት ሥሮች ተወጥረው አንድ ቀን ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ያኔ ሰውየው ደም ያስመልሳል። ጣፊያ ያብጣል። ሆድ ውኃ ይቋጥራል።

የሚያሳዝነው እዚህ እስኪደርስ ድረስ ሕመምተኛው ለብዙ ዓመታት ምንም ላይሰማው መቻሉ ነው። ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሰፈርተኛው «የወፍ በሽታ ነው» ይለዋል። ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጉበቱ ከተዳከመ በኋላ ነው።

ጉበቱን እዚህ ላይ ላቆየውና ወደ ፕራግ ልውሰዳችሁ።

ክርስቲያን ዶፕለር በ1803 በሳልዝበርግ ከድንጋይ ጠራቢዎች ቤተሰብ ተወለደ። ሰውነቱ ደካማ ስለነበር የአባቶቹን ሙያ ሊይዝ አልቻለም፤ ወደ ሒሳብ ትምህርት ገባ። ግንቦት 25 ቀን 1842 በፕራግ በቦሄሚያ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆሞ ጥናቱን አነበበ። የሰሙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ርእሱ ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም ነበር። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ሞገድ የሚያወጣ ነገር ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዶቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲርቀን ይራራቃሉ። ስለዚህ የሚቀርበን ነገር ድምፅ ይቀጥናል፣ የሚርቀን ይወፍራል። ዶፕለር በዚህ የከዋክብትን ቀለም ሊያስረዳ ሞከረ፤ እዚያ ላይ አልተሳካለትም፣ የኮከብ ቀለም በዋናነት ከሙቀቱ ነውና። ሕጉ ግን እውነት ነበር።

ኔዘርላንዳዊው ባይስ ባሎት ነገሩን በጆሮ ሊፈትን ተነሣ። በ1845 በዩትሬክት አቅራቢያ ባለው የባቡር ሐዲድ ላይ መለከት ነፊዎችን በባቡር አሳፈረ፤ ጆሯቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን ደግሞ በሐዲዱ ዳር አቆመ። በመጀመሪያ ሙከራው የክረምቱ አየር አሸነፈው፤ በበጋ ደገመው። ባቡሩ እየቀረበ ሲመጣ የቆሙት ሰዎች የሰሙት ቃና ከተነፋው ከፍ ያለ ነበር፤ አልፎ ሲርቅ ዝቅ አለ። ነፊዎቹ ቃናቸውን አልቀየሩም። የቀየረው እንቅስቃሴው ነው። ዶፕለር በ1853 በ49 ዓመቱ በቬኒስ አረፈ። ሕጉ አንድ ቀን በሰው ሆድ ውስጥ የሚሄድ ደምን እንደሚለካ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ነገሩ ወደ ሕክምና እስኪመጣ ሌላ ግኝት ያስፈልግ ነበር። በ1880 ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አገኙ። ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ደግሞ ይርገበገባሉ። በዚህ ርግብግብታ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ ማውጣትና ሲመለስም መቀበል ተቻለ። ዛሬ ሆዳችን ላይ የሚደረገው የአልትራሳውንድ ፕሮብ የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው።

ከዚያ በ1950ዎቹ ኦሳካ እንገናኝ። ሺጌኦ ሳቶሙራ የተባለ ጃፓናዊ የፊዚክስ ሊቅ ይህን ድምፅ ወደ ልብ ላከ። የተመለሰው ድምፅ ተቀይሮ ነበር፤ የልብ ግድግዳዎችና በሮች ይንቀሳቀሳሉና። ቀጥሎ ወደ ደም ሥሮች ላከው። ከዚያም የፍሰት ድምፅ መጣ። ድምፁን የሚመልሱት በደሙ ውስጥ የሚጓዙት ቀይ የደም ሕዋሳት መሆናቸው ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ። ሳቶሙራ በ1960 ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ሞተ፤ ሥራውን ሌሎች ቀጠሉ። በ1970ዎቹ ሥዕልና ፍሰት በአንድ መሣሪያ ተጣመሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፍሰቱ በቀለም ታየ። የጉበት ሐኪሞችም መሣሪያውን ይዘው ወደ ፖርታል ደም መልስ መጡ።

አሁን ወደ ምርመራው ክፍል እንግባ። ለትረካው እንዲመቸን አንድ አባወራ እናስብ። ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ተነግሮታል። ሕመም የለውም። ሐኪሙ አልትራሳውንድ አዘዘለት፤ የምትመረምረው ወጣት ራዲዮሎጂስት ናት።

«ጋሼ፣ ቁርስ በልተው ነው የመጡት?»

«አይ ዶክተር፣ እንደተነገረኝ ባዶ ሆዴን ነኝ።»

«ጎበዝ። ከበሉ በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ቁጥሩ ያሳስተናል። ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ያስፈልግ ነበር።»

ጄል ቀባችው፤ ፕሮቡን ከጎድኑ ሥር አሳረፈችው። በመጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ሥዕል ጉበቱን አየች። ገጽታው ለስላሳ ነው ወይስ ጎርበጥባጣ? ጣፊያው አብጧል? ሆድ ውስጥ ውኃ አለ? የጎላ ሲሮሲስ በዚህ ብቻ ይታወቃል። ገና ያልጎላው ግን በሥዕል ደኅና ጉበት ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ ነው ፍሰቱን መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ቀለሙን አበራችው። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ታየ። አባወራው ደነገጠ።

«ዶክተር፣ ሰማያዊው የተበላሸ ደም ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣ ደም ነው፤ ሰማያዊው የሚርቅ። አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚነግረን።»

አቅጣጫው የመጀመሪያው ትልቅ ጥያቄ ነው። በጤነኛ ሰው የፖርታል ደም ምን ጊዜም ወደ ጉበት ይገባል። ሲሮሲስ በጠና ጊዜ ግን ጉበቱ አልቀበልም ይላል፤ ደሙ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ይመለሳል። የፖርታል ደም ከጉበት ሲሸሽ ማየት የከፍተኛ ግፊት ጉልህ ምልክት ነው። በደም መልሱ ውስጥ የረጋ ደም ካለም በዚሁ ይታወቃል፤ ቀለሙ ሊሞላው የሚገባው ሥፍራ ባዶ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ፍጥነቱ ነው። በጤነኛ ሰው በፖርታል ውስጥ የሚሄደው ደም ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ16 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። በሲሮሲስ ይወርዳል። አማካይ ፍጥነቱ ከ15 በታች ሲሆን ሐኪሞች የፖርታል ግፊት መጨመሩን ይጠረጥራሉ። ይህ ፍጥነት የሚያመጣው የድምፅ ለውጥ በጆሮ የሚሰማ መሆኑ ይደንቃል። መሣሪያው በሰከንድ 3 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ቢልክና ደሙ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ቢጓዝ፣ በ60 ዲግሪ ማዕዘን ሲለካ የሚመለሰው ልዩነት በሰከንድ 390 ርግብግብታ ገደማ ነው። ይህ ሰው የሚዘምርበት ቃና ነው። ለዚህ ነው ከመሣሪያው ውስጥ ዥው የሚል ድምፅ የሚወጣው። ላኤኔክ ሊሰማው ያልቻለው ጉበት በመጨረሻ ተሰማ።

ሦስተኛው ጥያቄ ስፋቱ ነው፤ እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ። የአንድ ጤነኛ ሰው ፖርታል ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 16 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ስሌቱን ብንሠራ በደቂቃ 910 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያልፋል። የአባወራችን ፖርታል ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሰፍቷል፤ ፍጥነቱ ወደ 10 ወርዷል። ስሌቱ ሲሠራ በደቂቃ 920 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። የሚያልፈው ደም መጠን እኩል ነው ማለት ይቻላል። መጠኑን ብቻ ያየ ሐኪም «ደኅና ነህ» ብሎ ይሸኘው ነበር። እውነቱ ግን ደም መልሱ በግፊት ተለጥጧል፣ ደሙም ተጨናንቋል።

ይህን ያስተዋለው ጃፓናዊው ሐኪም ሞሪያሱ ነው። በ1986 ከባልደረቦቹ ጋር የመጨናነቅ መለኪያ የሚባል ስሌት አሳተመ፤ የደም መልሱን አቋራጭ ስፋት ለፍጥነቱ ማካፈል ነው። በጤነኞች ላይ ያገኙት 0.07 ገደማ ነበር፤ በሲሮሲስ ሕመምተኞች ላይ 0.17 ገደማ። በእኛ ምሳሌ ጤነኛው 0.06 ሲሆን አባወራው 0.15 ነው። በመጠን እኩል የነበሩት ሁለት ሰዎች እዚህ ላይ ተለያዩ። ሁለት ቀላል ቁጥሮችን በማካፈል የተደበቀ በሽታ መግለጥ ትልቅ ጥበብ ነው።

ጉበት የሚገባው ደም ይህን ከተናገረ የሚወጣው ደግሞ የራሱን ይናገራል። ከጉበት ወደ ልብ የሚሄዱት ደም መልሶች ለልብ ቅርብ ናቸው፤ ልብ በመታ ቁጥር ደማቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ለአፍታም ወደ ኋላ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ ሦስት እርምጃ ያለው ሞገድ ይሠራሉ። ጉበቱ ሲጠነክር የልብ ምት በደረቀው ሥጋ ውስጥ አልፎ አይደርስም፤ ሞገዱ መጀመሪያ ወደ ኋላ መመለሱን ይተዋል፣ በኋላም ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል። በጣሊያን የቦሎኛው ሐኪም ቦሎንዲና ባልደረቦቹ ይህን ለውጥ በ1991 በሦስት ደረጃ ከፍለው አሳተሙት።

ደም ቅዳውም ዝም አይልም። የፖርታል ደም ሲያንስ ጉበቱ እንዳይራብ ደም ቅዳው ሊክስ ይሞክራል፤ ይሰፋል፣ ይጠማዘዛል። በውስጡ ያለው የፍሰት እንቅፋት መለኪያ በጤነኛ ሰው ከ0.55 እስከ 0.70 ነው፤ በሲሮሲስ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በ1997 ደግሞ ኢዋኦ የተባሉ ሌላ ጃፓናዊና ባልደረቦቻቸው የፖርታሉን ፍጥነት በደም ቅዳው የምት መለኪያ አካፍለው ሁለቱን በሮች በአንድ ቁጥር አጣመሩ።

ትሉኝ ይሆናል፤ «እንዲህ ከሆነ ሌላ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?» እውነቱን መናገር ደግ ነው። የዚህ መለኪያ ትክክለኛነት የሚወሰነው በሚለካው እጅ ነው።

ማዕዘኑን ውሰዱ። መሣሪያው ፍጥነቱን የሚያሰላው ድምፁ ደሙን በምን ማዕዘን እንዳገኘው ተነግሮት ነው። ባለሙያዋ 30 ዲግሪ ላይ ሆና በ5 ዲግሪ ብትስት ስሕተቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ሆና በዚያው 5 ዲግሪ ብትስት ስሕተቱ 18 በመቶ ይሆናል። ከ60 በላይ መለካት የማይፈቀደው ለዚህ ነው። ስፋቱንም ውሰዱ። 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፖርታል 10 ነው ብላ ብትጽፍ የሚያልፈው ደም ስሌት በ30 በመቶ ያንሳል። ሕመምተኛው ሲተነፍስ ይለወጣል፤ ሲበላ ይለወጣል፤ ሲቀመጥ ይለወጣል። ደግነቱ ባለሙያዎች አብረው ሲሠለጥኑና አንድ ዓይነት አሠራር ሲከተሉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።

ደሙ ራሱም ያታልላል። በጠባሳ ምክንያት ወደ እምብርት የሚሄድ ትልቅ ሥር የተከፈተ እንደሆነ በፖርታሉ ውስጥ ያለው ፍጥነት ተመልሶ ይጨምራል፤ ቁጥሩ የጤነኛ ይመስላል፣ ሰውየው ግን በጽኑ ታሟል። ስብ የበዛበት ጉበት ሲሮሲስ ሳይኖረው የደም መልሶቹን ሞገድ ሊያጠፈጥፍ ይችላል። የልብ ድካምም የፖርታሉን ፍሰት እንደ ምት ያዘልለዋል። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም አንድ ቁጥር ይዞ አይፈርድም። ሥዕሉን፣ አቅጣጫውን፣ ፍጥነቱን፣ የደም ምርመራውንና ሕመምተኛው የሚናገረውን አንድ ላይ ያያል።

ግፊቱን በቀጥታ ማወቅ ሲፈለግ ደግሞ በአንገት ደም መልስ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ጉበት ድረስ ይገባል። በዚህ የሚለካው የግፊት ልዩነት በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 10 ሲደርስ አደጋው ይጀምራል፤ 12 ሲደርስ በምግብ ቧንቧ ያሉት ሥሮች ሊደሙ ይችላሉ። ልኩ እርሱ ነው፤ ግን በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ የሚሠራ ከባድ ምርመራ ነው። በ2003 ደግሞ ከፈረንሳይ የጉበትን ጥንካሬ በድምፅ የሚለካ መሣሪያ መጣ። በ2015 በጣሊያን ባቬኖ ከተማ የተሰበሰቡ ሐኪሞች፣ የጉበቱ ጥንካሬ ከ20 ኪሎ ፓስካል በታች የሆነና የደም ፕሌትሌቱ ከ150,000 በላይ የሆነ ሕመምተኛ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የምግብ ቧንቧን ማየት) ሳይደረግለት ሊቆይ ይችላል አሉ። ጥንካሬን በመለካት ዶፕለር አይወዳደረውም። ነገር ግን ደሙ ወደየት እንደሚሄድ፣ የት እንደረጋና በየትኛው ጎን እንዳመለጠ የሚነግረው ዶፕለር ነው። ጉበት ከመቀየሩ በፊትም ሆነ ከተቀየረ በኋላ ሐኪሞች ደጋግመው የሚጠይቁት እርሱን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ዘንድ ጉበትን የሚጎዳ ሁሉ ሲሮሲስ አይደለም። በጣና ዙሪያና በሌሎች ብዙ ወንዞችና ሐይቆች አጠገብ የሚኖር ብዙ ሰው ከቢልሃርዝያ ጋር ይኖራል። የጥገኛው እንቁላሎች በፖርታል ቅርንጫፎች ዙሪያ ጠባሳ ይፈጥራሉ። ግፊቱ ይጨምራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ማስመለስም ይመጣል። የጉበቱ ሕዋሳት ግን በአብዛኛው ደኅና ናቸው። በዚህ በሽታ የፖርታሉ ፍሰት ወደ ጉበት መግባቱን ለረጅም ጊዜ ሊቀጥል ይችላል። ደም ያስመለሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በሄፓታይተስ፣ ሌላው በቢልሃርዝያ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናቸውም ተስፋቸውም ይለያያል። ጠባሳው ያለበትን ቦታና የደሙን አካሄድ አጣምሮ ማየት ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ የተባለው ተክል እንደሚገድል በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ያስተዋለው የራሳችን ሊቅ አክሊሉ ለማ መሆኑን ልጆቻችን እንዳይረሱ እፈልጋለሁ።

ሄፓታይተስ ቢን በተመለከተ ደግሞ ኢትዮጵያ ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በደምና በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ሰው ከቤተሰቡ ማዕድ ተገለለ፤ ስንቱስ ውጤቱን ደብቆ ኖረ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

መድኃኒት ግን አለ። ቴኖፎቪር ቫይረሱን ያፍነዋል፤ ቫይረሱ በታፈነባቸው ብዙ ሰዎች ጠባሳው ራሱ እየቀነሰ ሲሄድ ታይቷል። ፕሮፕራኖሎልና ካርቬዲሎል የፖርታሉን ግፊት ዝቅ ያደርጋሉ። የተወጠሩት ሥሮች ከመፈንዳታቸው በፊት በኢንዶስኮፒ ይታሰራሉ። ካንሰር ቢነሣ ቶሎ እንዲታይ ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በጊዜ ለመጣ ሰው ነው። አባወራችን በጊዜ መጥቷል፤ ደም ሊለግስ ሄዶ የራሱን ሕይወት የማትረፊያ ዕድል አገኘ።

እንግዲህ ትረካዬን ስፈጽም ለሁለት ወገን ቃል አለኝ። ፕሮቡን ለምትይዙ ባለሙያዎች፤ ሕመምተኛው ባዶ ሆዱን መምጣቱን ጠይቁ፣ ማዕዘኑን ከ60 ዲግሪ በታች አድርጉ፣ ደጋግማችሁ ለኩና አማካዩን ጻፉ፣ አቅጣጫውን ሳትጽፉ ሪፖርት አትዝጉ። እናንተ ይህን የምታነቡ ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ካላደረጋችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ ነፃ ከሆናችሁ ተከተቡ። ቫይረሱ ከተገኘባችሁ ክትትላችሁን አታቋርጡ፣ የትዳር ጓደኛችሁንና ልጆቻችሁን አስመርምሩ። ጉበት ሲታመም አይጮኽም፤ ዓይናችሁ ቢጫ እስኪሆን፣ ሆዳችሁም እስኪያብጥ አትጠብቁ።